ለሩቅ አገር ተማሪ የተሠራች ከተማ፦ የካይሮ የአንድ ቀን ጉብኝት

ካይሮ በአንድ ቀን ታይታ የምታልቅ ከተማ አይደለችም። ያም ሆኖ በትምህርት ዕረፍት ወራት ወደ ግብፅ ለሚጓዙ ብዙ የተማሪዎች ቡድኖች ለከተማዋ የሚተርፋቸው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ፒራሚዶች፣ እኩለ ቀን ላይ ሙዚየም፣ ማምሻውን የኻን አል-ኸሊሊ ገበያ እየተባለ፣ አውቶቡሱ ከመንገዱ መጨናነቅ ጋር ሲታገል ቀኑ ይመሻል። ተማሪው በስልኩ ብዙ ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል። ያየው ነገር ከእርሱ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ግን የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያመለክተው ሌላ መንገድ ነው። ፒራሚዶቹንና እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በይፋ የተመረቀውን ታላቁን የግብፅ ሙዚየም ለሌላ ቀን ያቆያቸዋል፤ ከ5,000 የሚበልጡት የቱታንኻሙን ቅርሶች ብቻቸውን አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋሉና። የዛሬው ጉዞ አሮጌዋን ካይሮ ከማለዳ እስከ መግሪብ የሚዞረው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፦ ዕውቀት ፍለጋ ከሩቅ አገር የመጣውን ተማሪ ማን አበላው? የትስ አደረ?

ለአማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ወጣቶች ይህ ጥያቄ የቤት ጉዳይ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግረው ወደዚህች ከተማ ለትምህርት የመጡ ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ነበሩ። በአል-አዝሀርም በስማቸው የሚጠራ ማደሪያ ነበራቸው፤ «ሪዋቅ አል-ጀበርት» ይባል ነበር። የዚያ ማደሪያ አለቆች ከነበሩት ቤተሰብ የተወለደ አንድ ሰው የግብፅን ታሪክ ከጻፉት መካከል ከታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቅቷል። ይህም ሸይኽ አብዱረህማን አል-ጀበርቲ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1753 ሲሆን ያረፈው በ1825 ገደማ ነው። በቀኑ ጉዞ በተደጋጋሚ እናገኘዋለን።

ማለዳ፦ የአባይ መለኪያ

ፀሐይ ሳትጠነክር የመጀመሪያው ማረፊያ በሮዳ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ላይ የሚገኘው ሚቅያስ፣ ማለትም የአባይን ሙላት መለኪያ ነው። በአባሲዩ ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ861 ተሠራ። ከውጭ ለሚያየው ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ትንሽ ሕንጻ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ ይታያል። በመካከሉ ባለ ስምንት ማዕዘን የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል፤ በዓምዱም ላይ የክንድ ልኮች ተቀርጸውበታል። ከወንዙ የሚመጣው ውኃ በተለያየ ከፍታ በተሠሩ ሦስት የመሬት ውስጥ ቦዮች ወደ ጉድጓዱ ይገባ ነበር። በግድግዳው ላይ ስለ ውኃና ስለ አዝርዕት የሚናገሩ የቁርኣን አንቀጾች በኩፊ ጽሕፈት ተቀርጸዋል። የግድግዳው ሹል ቅስቶች በአውሮፓ የጎቲክ ሕንጻዎች ከመታየታቸው ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ የሚቀድሙ ናቸው።

የመለኪያው ጥቅም ግልጽ ነበር። ውኃው 16 ክንድ ያህል ከደረሰ ዓመቱ የጥጋብ ዓመት ነው፤ ግብርም ይጣላል። ከዚያ ብዙ ካነሰ ረኀብ ይፈራል፤ ብዙ ከበለጠ ደግሞ ጎርፍ ይፈራል። ስለዚህ የእንጀራ ዋጋ፣ የመንግሥት ግምጃ ቤትና የመድረሳ ተማሪ ቀለብ ሳይቀሩ በዚህ ዓምድ ላይ በሚነበበው ቁጥር ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቹ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ግብፅ ከሚደርሰው የአባይ ወንዝ ውኃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚነሣው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። በጎጃምና በወሎ፣ በጎንደርና በወለጋ ክረምቱ ሲከብድ ከሳምንታት በኋላ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ውኃው ከፍ ይል ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ሙላቱ ወደ ካይሮ አይደርስም፤ ጉድጓዱም ደረቅ ነው። ወላጆቹ በልጅነታቸው የአባይን ሙላት ያዩ ተማሪ ግን ዓምዱን ሲመለከት የሚያውቀውን ክረምት ያስታውሳል።

የእንግዳ ሊቃውንት ሰፈር

ከሮዳ ወደ ሰዪዳ ዘይነብ ሰፈር ሲታለፍ በጠባብ መንገድ ውስጥ በይት አስ-ሲንናሪ የተባለ ቤት ይገኛል። ያሠራው ከሱዳን ወደ ግብፅ መጥቶ በማምሉኮች ዘመን ለትልቅ ሹመት የበቃ ኢብራሂም አስ-ሲንናሪ የተባለ ሰው ነው፤ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1794 ተጠናቀቀ። አራት ዓመት ሳይሞላው የናፖሊዮን ጦር ካይሮ ገባ። ፈረንሣዮች ከወታደሮቻቸው ጋር ያመጧቸውን የሒሳብ፣ የኬሚስትሪ፣ የሥዕልና የምሕንድስና ባለሙያዎች በዚህ ሰፈር በወረሷቸው ቤቶች አሰፈሩ። ከእነዚያ ቤቶች እስከ ዛሬ የቆመው ይህ ብቻ ነው።

አል-ጀበርቲ በዚያን ጊዜ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነበር። ወደ ፈረንሣዮቹ ቤተ መጻሕፍት በተደጋጋሚ ሄደ። መጻሕፍቱን፣ ካርታዎቹን፣ የእንስሳትና የዕፀዋት ሥዕሎቹን፣ የኬሚስትሪ ሙከራዎቹን አየ፤ ያየውንም ጻፈ። ደስ ያሰኘውንና ያስገረመውን አልደበቀም። በዚያው ብዕር ደግሞ ወራሪዎቹ ያወጡትን አዋጅ የአረብኛ ስሕተት እየነቀሰ ተቸ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1798 የካይሮ ሕዝብ ሲነሣ ወታደሮቹ ከነፈረሶቻቸው አል-አዝሀር ገብተው ያደረሱትንም ጥፋት በዝርዝር መዘገበ።

ሙዚየም ለሚጎበኝ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አርአያ ማግኘት ያስቸግራል። አል-ጀበርቲ የሌላውን ሕዝብ ዕውቀት ሲያይ አልናቀም፤ በተደነቀም ጊዜ ፍርዱን አልጣለም። ተማሪዎቹ ከዚህ ቤት ሲወጡ በማስታወሻ ደብተራቸው ሁለት ዓምድ ቢያሰምሩ መልካም ነው፦ በአንዱ ያስደነቃቸውን፣ በሌላው ያልተስማሙበትን ወይም ያልተረዱትን ይጽፉበታል። ቀሪውን ቀን በዚሁ ደብተር ይጓዛሉ።

ዙህር፦ አራቱ መድረሳዎች

ለዙህር ሶላት የሱልጣን ሐሰን መስጊድ ይመረጣል። ከካይሮ ምሽግ ግርጌ የቆመው ይህ ሕንጻ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1356 ተጥሎ ሥራው እስከ 1363 ቀጠለ። የመግቢያው በር ቁመት 38 ሜትር ገደማ ስለሆነ ተማሪው አንገቱን ወደ ኋላ ካልጣለ ጫፉን ማየት አይችልም። ጠመዝማዛውንና ጨለም ያለውን መተላለፊያ አልፎ ወደ ሰፊው ግቢ ሲወጣ ብርሃኑ በድንገት ይቀበለዋል። በግቢው አራት ጎን አራት ታላላቅ ቅስቶች አሉ። ከቅስቶቹ ጎን ያሉት በሮች ወደ አራት መድረሳዎች ይወስዳሉ፤ ለሐነፊ፣ ለሻፊዒ፣ ለማሊኪና ለሐንበሊ መዝሀቦች የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ መድረሳ የራሱ ግቢና በደርብ ላይ ደርብ የተደረደሩ የተማሪዎች ክፍሎች አሉት። ቀና ብሎ ያየ ሰው ትንንሽ መስኮቶቻቸውን ሊቆጥር ይችላል።

ክፍሎቹና የሚኖሩባቸው ተማሪዎች የሚተዳደሩት በወቅፍ ነበር። ወቅፍ ማለት ባለ ሀብቱ እርሻውን፣ ሱቁን ወይም የኪራይ ቤቱን ከግል ንብረትነት አውጥቶ ገቢውን ለበጎ ሥራ በቋሚነት የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። ሰጪው ቢሞትም ገቢው አይቋረጥም። የመምህሩ ደመወዝ፣ የተማሪው ቀለብ፣ የመብራቱ ዘይት ከዚያ ይወጣል።

የሕንጻው ታሪክ ሐዘንም አለበት። ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚ እንደዘገበው እ.ኤ.አ. በ1361 ከሚናራዎቹ አንዱ ወድቆ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል እዚያ ቁርኣን ይቀሩ የነበሩ የቲም ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ዓመት ሱልጣኑ ተገደለ፤ አስከሬኑም ስላልተገኘ ባዘጋጀው መቃብር አልተቀበረበትም። ሥራው ግን ያለ እርሱ ተፈጸመ። ይኸው አል-መቅሪዚ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት አጭር መጽሐፍ የጻፈ በመሆኑ ስሙ ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም።

የሱልጣን ሐሰን ግንብ በሚገነባባቸው ዓመታት በካይሮ ይኖሩ ከነበሩ ሊቃውንት አንዱ ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ ነበሩ። ስማቸው በአደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ካለችው የዘይላ ወደብ የተገኘ ነው። በሐነፊ ፊቅህ ውስጥ የሚጠቀሱትን ሐዲሶች ምንጭ የመረመረው «ነስብ አር-ራያ» የተባለው ሥራቸው እስከ ዛሬ በሐዲስ ተማሪዎች እጅ ይገኛል። ከእርሳቸው ቀድሞም ሌላው ዘይለዒ፣ ፈኽሩዲን፣ በካይሮ ፊቅህ አስተምረዋል። እንግዲህ ከቀንዱ አገር የመጡት ሰዎች በዚህች ከተማ ተማሪዎች ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ የሚቀራባቸው መምህራንም ሆነዋል።

ከሰዓት በኋላ፦ የእስልምና ጥበብ ሙዚየም

ከሱልጣን ሐሰን በመሐመድ ዓሊ ጎዳና ወደ ባብ አል-ኸልቅ ሲወረድ የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ሕንጻው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን ስብስቡ ከ100,000 በላይ ቅርሶችን ይዟል። በሁለት ሰዓት ይህን ሁሉ ለማየት የሚሞክር ቡድን አንዱንም በቅጡ ሳያይ ይወጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ መምረጥ ይበጃል።

የመጀመሪያው በ31 ዓመተ ሂጅራ የተቀረጸ የመቃብር ድንጋይ ነው። ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስደት በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ብቻ ባለፈበት ጊዜ በግብፅ ለሞተ አብዱረህማን ለተባለ ሰው የተጻፈ ነው። ጽሕፈቱ ነጥብ የለውም፤ መስመሮቹም ቀጥ ብለው አልተጻፉም። አንድ ሰው ለሟቹ ዱዓ ፈልጎ በድንጋይ ላይ ያሰፈረው ይህ ጽሑፍ ቀን ከተጻፈባቸው የእስልምና ጽሑፎች ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት አንዱ ነው።

ሁለተኛው በኢናሜል ቀለም ያጌጡት የማምሉኮች ዘመን የመስጊድ ፋኖሶች ናቸው። ብዙዎቹ ተማሪዎቹ ከአንድ ሰዓት በፊት ከወጡበት ከሱልጣን ሐሰን መስጊድ የመጡ ናቸው። በመስጊዱ ከጣሪያ የተንጠለጠሉትን ረጃጅም ሰንሰለቶች ያስተዋለ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ፋኖሶቹን ካሉበት የመስታወት ሣጥን አውጥቶ በሐሳቡ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። በፋኖሶቹ አንገት ላይ ከሱረቱ ኑር የተወሰደው የብርሃን አንቀጽ ተጽፏል። ከሥሩ የሚነደው ዘይት ደግሞ የወቅፍ ዘይት ነበር።

ሦስተኛው የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች ናቸው። አስጦርላብ የሶላት ሰዓትንና የከዋክብትን ከፍታ ለማወቅ ያገለግል ነበር። እዚህ ላይ የአል-ጀበርቲን አባት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲን ማስታወስ ይገባል። በአል-አዝሀር የጀበርት ሪዋቅ ሸይኽ የነበሩት እኒህ ሰው በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1774 አረፉ። ልጃቸው እንደጻፈው ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጂኦሜትሪ ሊማሩ ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር።

ሙዚየሙ ራሱ የተጎዳ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 2014 ከፊት ለፊቱ ባለው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ላይ የተጠመደ የመኪና ቦምብ ፈንድቶ የሕንጻውን ፊት አፈረሰ፤ ከመቶ በላይ ቅርሶችንም ጎዳ። ባለሙያዎች የመስታወትና የሸክላ ስብርባሪዎችን እየለቀሙ ለሦስት ዓመታት ጠግነው በጥር 2017 በሩን እንደገና ከፈቱ። በፋኖሶቹ ፊት የቆመ ተማሪ ይህን ካወቀ፣ ቅርስ ሳይጠፋ የሚቆየው የሚጠብቀው ሰው ሲኖር መሆኑን ያለ ሌላ ማብራሪያ ይረዳል።

አስር፦ አል-አዝሀርና የጀበርት ሪዋቅ

አል-አዝሀር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ970 ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሶላት ተከፈተ። ወደ ውስጥ የሚገባው ባብ አል-ሙዘዪኒን፣ የፀጉር አስተካካዮች በር፣ በሚባለው መግቢያ ነው፤ ተማሪዎች ፀጉራቸውን እዚያ ይላጩ ስለነበር ስሙን ከዚያ አገኘ። ጫማ ወልቆ ወደ ነጩ የእብነ በረድ ግቢ ሲወጣ የከተማው ጩኸት ይርቃል።

«ሪዋቅ» በመነሻው በዓምዶች መካከል ያለ የተጠለለ ስፍራ ማለት ነው። በአል-አዝሀር ግን ከአንድ አገር የመጡ ተማሪዎች የሚያድሩበት፣ የሚያጠኑበትና ንብረታቸውን የሚያስቀምጡበት ክፍል መጠሪያ ሆነ። የሻም፣ የመግሪብ፣ የቱርክ፣ የሲንናር ተማሪዎች የየራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። የጀበርት ሪዋቅም ከእነዚህ አንዱ ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ሸይኽና የራሱ ወቅፍ ነበረው፤ ለተማሪውም የዕለት ዳቦ ይታደለው ነበር። አረብኛው ገና ያልተስተካከለለት ከዘይላ ወይም ከሐበሻ ደጋ የመጣ ወጣት በመጀመሪያው ሌሊት ቋንቋውን የሚሰማ ሰው የሚያገኘው እዚያ ነበር። የአል-ጀበርቲ ሰባተኛ ቅድመ አያትም በዚሁ መንገድ መጥተው፣ ተምረው፣ የሪዋቁ ሸይኽ ሆነው ቀሩ። ኃላፊነቱም በዘራቸው ተላለፈ።

ይህ ሁሉ እንዴት ተዳከመ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙሐመድ ዓሊ ፓሻ የወቅፍ እርሻዎችን በመንግሥት እጅ አስገባ። ለመስጊዶችና ለትምህርት ቤቶች የተመደበው ገቢ ሲቀንስ አል-ጀበርቲ ዝም አላለም፤ ገዢውን በብርቱ ቃል ነቀፈ። የታሪክ መጽሐፉ በግብፅ ለረጅም ጊዜ እንዳይታተም የተከለከለውም በዚህ ምክንያት ነበር፤ የታተመው እርሱ ካረፈ ግማሽ ምእተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ዛሬ አል-አዝሀር ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ሕግ ሕክምናንና ምሕንድስናን የመሰሉ ፋኩልቲዎችን ጨመረለት፤ ለሴት ተማሪዎችም በሩን ከፈተ። ከውጭ አገር የሚመጡ ተማሪዎች የሚኖሩት በ1950ዎቹ በተሠራው የተማሪዎች መንደር ነው። በቡድኑ ያሉ እህቶች በዚህ ግቢ ሲቆሙ፣ ለአያቶቻቸው እናቶች ያልተከፈተ በር ለእነርሱ ክፍት መሆኑን ሊያስቡት ይገባል።

መግሪብ፦ ውኃና ፊደል

ከአል-አዝሀር በምድር ውስጥ መተላለፊያ ጎዳናውን ተሻግሮ ወደ አል-ሙዒዝ መንገድ ሲገባ፣ መንገዱ ሁለት በሚሆንበት ቦታ መካከል ትንሽ ግን ያማረ ሕንጻ ይቆማል። አብዱረህማን ከትኹዳ እ.ኤ.አ. በ1744 ያሠራው ነው። ይኸው ሰው አል-አዝሀርንም በብዙ ያስፋፋና በዚያው የተቀበረ ነው። የሕንጻው ምድር ቤት ሰቢል ይባላል፤ ለአላፊ አግዳሚው በነፃ ውኃ የሚታደልበት ነበር። ከላይ ያለው ደርብ ደግሞ የሕፃናት የቁርኣን ትምህርት ቤት ነበር። የተጠማ ከታች ይጠጣል፤ ሕፃኑ ከላይ ፊደል ይቆጥራል፤ የሁለቱንም ወጪ አንድ ወቅፍ ይሸፍናል።

ተማሪዎቹ እዚህ ቁጭ ብለው ደብተራቸውን ቢከፍቱ የጠዋቱ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ከሩቅ የመጣውን ተማሪ ያበሉት አንድ ሱልጣን ወይም አንድ ባለ ሀብት ብቻ አልነበሩም። ተማሪ ከሌላ አገር ቢመጣም የከተማው ልጅ ነው ብለው ያመኑ፣ ከሞታቸው በኋላም ገቢው እንዳይቋረጥ በጽሑፍ ያሰሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ሥርዓቱን የሚጠብቀው ሲጠፋ ዳቦው ጠፋ፤ ሪዋቁም ባዶ ሆነ።

በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዛሬ በዚህ ጥያቄ ፊት ራሳቸውን ያገኙታል። ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት መላክ የሚፈልግና አቅም የሚያጥረው ቤተሰብ በየከተማው አለ። በየማኅበሩ ለሐዘንና ለደስታ ገንዘብ ማዋጣት የቆየ ልማዳችን ነው። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱን ለአንድ ተማሪ መጻሕፍትና ማደሪያ በቋሚነት መመደብ፣ የሚያስተዳድሩትንም ሰዎች መምረጥና ሒሳቡን በየዓመቱ ለአባላት ማሳወቅ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የተማሪዎቹ ቡድን ከካይሮ ሲመለስ ወላጆችን አንድ ምሽት ሰብስቦ በደብተሩ የጻፈውን ያንብብላቸው፤ ካነበበም በኋላ ስለሚቀጥለው ተማሪ ይጠይቃቸው።